"በጤና ጉድለት" የምትል ቃል ጡረታዬን ልታስቀረው ነበር

ሰላም ጓዶች፣ በተለይ ከሰራዊቱ ተጎድታችሁ የወጣችሁ። 8 አመት አገልግዬ፣ ስንቅ ጭነን ስንሄድ ኦራሉ (የጭነት መኪናው) ተገልብጦብን ወገቤ ተመታና ተሰናብቼ ጅማ ገባሁ። ጡረታ ጠየኩ፣ ከወራት በኋላ "በጤና ጉድለት የተሰናበቱና አገልግሎትዎ 10 ዓመት ያልሞላ ስለሆነ አበል አይገባዎትም፣ ዳረጎትዎን ይውሰዱ" የሚል ደብዳቤ መጣ። ወር በወር የሚከፈለው ቀርቶ አንዴ የሚሰጥ ገንዘብ ይዘህ ሂድ ማለት ነው።

በንዴት ሶስት ገጽ ይግባኝ ጻፍኩ፣ አገሬን እንዴት እንዳገለገልኩ፣ ልጆቼ ምን እንደሚበሉ፣ ምናምን። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ጋሼ አሉ፣ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ለቅሶ ነው" አሉኝ። ከዛ ደብዳቤው ላይ "በጤና ጉድለት" የሚለውን በእስክሪብቶ ከበቡት። የመንግስት ሰራተኞች ጡረታ አዋጅ 714/2003 (አሁን በ1267/2014 ተተክቷል፣ እናንተ አዲሱን እዩ) ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው፣ በህመም ከወጣህ 10 አመት አገልግሎት ትጠየቃለህ፣ በስራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሆነ ግን ጉዳቱ ከ10 በመቶ ካላነሰና መስራት አቅቶህ ከተሰናበትክ አመቱ አይቆጠርም።

ለካ ማስረዳት የነበረብኝ መታመሜን ሳይሆን የት እንደተጎዳሁ ነው። የሜዲካል ቦርዱ (ጉዳቱን የሚመረምሩት ሐኪሞች) ወረቀት የጉዳቱን ፐርሰንት ጽፎ መንስኤውን ዘሎታል። እናቴ በፌስታል ጠቅልላ ሳጥን ስር ያስቀመጠችው የመጀመሪያው የህክምና ካርድ ተገኘ፣ ጥጉን አይጥ በልቶታል ግን ቀኑና "በግዳጅ ላይ የመኪና አደጋ" የሚለው ይነበባል (ወረቀት አትጥልም ብዬ ስንቴ ስቄባታለሁ)። ከነበርኩበት የጦር ክፍል የአደጋውን ሪፖርት ኮፒ ለማውጣት አራት ወር ፈጀ፣ እሱን ተውት። ሾፌራችንም መሰከረልኝ።

አዲሱ ይግባኝ አንድ ገጽ ብቻ ሆነ፣ ለማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ገባ። የታመመ ወገብ ይዞ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶብስ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል፣ ሁለቴ ተመላለስኩ። ግን ማስረጃችሁን ሳትጨርሱ እዛ አትድረሱ፣ ጉባኤው በፍሬ ነገሩ የወሰነው የመጨረሻ ነው፣ ከዛ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያየው የህግ ስህተት ካለ ብቻ ነው።

ተፈረደልኝ። አበሉ ከደሞዜ 47 በመቶ ነው፣ ያውም ከድሮው ደሞዝ፣ ብቻ ወር በወር ይገባል። ሾፌሩ ግን ያኔ እጁ ተሰብሮ በተመሳሳይ ቃል ነው የተሰናበተው፣ እስካሁን አልጠየቀም። ቅዳሜ መናኸሪያ ጋር ቡና ልጋብዘው ቀጥሬዋለሁ፣ ካርድህን ይዘህ ና ብየዋለሁ።