የፋብሪካ ኔትወርክ በላፕቶፕ አይጀመርም

አቃቂ ቃሊቲ ያለ አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ፋብሪካ ማሽኖቹን ከቢሮ ጋር እንዳገናኝለት ጠራኝ። የፈለጉት ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ማሽን ስንት ሜትር እንዳመረተና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ወዲያው ማወቅ። እስከዚያ ድረስ ፎርማኑ በየፈረቃው በደብተር እየጻፈ ነበር የሚያስረክበው።

ቀድሞ የተዘረጋ መስመር ነበር፤ ግን መረጃው ይቆራረጣል። ሁሉም ሰው ሶፍትዌሩን ይከሳል። እኔ ላፕቶፔን ሳልከፍት ኬብሉን እየተከተልኩ አዳራሹን ዞርኩ። አንዷ ኦፕሬተር ጠጋ ብላ «ወንድሜ፣ ክሬሸሩ ሲነሳ እኮ ነው ስክሪኑ ስታክ የሚያደርገው» አለችኝ፤ የተበላሸ ቧንቧ የሚፈጨውን ማሽን ማለቷ ነው።

እውነቷን ነው። የዳታ ኬብሉ ከክሬሸሩ የኃይል መስመር ጋር አንድ ካናል (የኬብል መሄጃ) ውስጥ ታጭቆ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ክሬሸሩ የሚነዳው በኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ነው። ኢንቨርተር ቮልቴጁን በሰከንድ ሺህ ጊዜያት እየቆራረጠ ስለሚሠራ አጠገቡ ያለውን መስመር ይረብሻል። ለዳታው የራሱን ካናል ሠራንለት። ከኃይል መስመር ጋር መገናኘት ግድ በሆነበት ቦታ ደግሞ በመስቀለኛ እንዲያልፍ አደረግን፤ ጎን ለጎን መሄድ ነው ጠንቁ።

የቆዩት ማሽኖች የሚነጋገሩት በሞድባስ፣ ማለትም መሣሪያዎች መረጃ በሚለዋወጡበት የጋራ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ቢሆንም ዛሬም ብዙ ፋብሪካ ይሠራበታል። የሚጓዝበት አርኤስ-485 የሚባል ባለ ሁለት ሽቦ መስመር የመረጃው ፍጥነት ዝቅ ካለ እስከ 1200 ሜትር ድረስ ይሄዳል። ግን ከማሽን ወደ ማሽን በተራ መቀጠል አለበት፤ እንደ ቅርንጫፍ ከመሐል ሲበታተን ሲግናሉ እየተመለሰ ይጋጫል። ሲግናሉ ከጫፍ እንዳይመለስም ሁለቱ ጫፎች ላይ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል። ይህን ማረጋገጥ በጣም ቀላል ነው። ኃይል አጥፍታችሁ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በመልቲሜትር ለኩ። 60 ኦም አካባቢ ካነበበ ደህና ነው። 120 ካለ አንዱ ጫፍ ሬዚስተር የለውም። ወደ 40 ከወረደ ሦስተኛ ሬዚስተር የሆነ ቦታ ተደብቋል ማለት ነው። እኛ ያነበብነው 40 ነበር። መሐል ላይ ያለ አንድ ኢንቨርተር ውስጥ፣ የራሱን ሬዚስተር መስመሩ ላይ የምታስገባ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በርታ አገኘን።

አዳዲሶቹ ማሽኖች እንደ ኮምፒውተር የኔትወርክ ኬብል የሚሰካበት ኢተርኔት አላቸው። የመዳብ ኬብል 100 ሜትር ላይ ያበቃል፤ መጋዘኑ ደግሞ ከዚያ ይርቃል፣ ኤርዙም (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መስመር) የተለየ ነው። ስለዚህ መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ፋይበር ዘረጋን። ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ክረምት ላይ መብረቅ ቢመታ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው በእሱ በኩል አይሻገርም። ይህን አጥብቆ ያሳሰበኝ የጥገና ክፍሉ ጋሼ ነው፤ ብዙ የማሽን ኤሌክትሮኒክ ካርድ ሲቃጠል አይቷል።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተከራከርነው በዋይፋዩ ነው። ማሽኖቹ ከቢሮው ዋይፋይ ጋር ይገናኙ፣ ወጪ ይቀንሳል አለ። እሺ አላልኩም። ሞድባስ የይለፍ ቃል የለውም። ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ማንም ሰው ማንበብ ብቻ ሳይሆን የማሽኑን ሙቀት ሊቀይር ይችላል። ይህ የሰው እጅ የሚያቃጥል ነገር ነው። በመጨረሻ ተስማማ፤ ማሽኖቹ በራሳቸው ስዊች (የኔትወርክ ማገናኛ) ላይ ሆነው፣ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በመሐል ያልተፈቀደውን የሚያግድ ፋየርዎል ገባ። ቢሮው የሚያየው መረጃ ሰብሳቢውን ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ስዊቾቹንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ አድርገናቸዋል። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ተነስተው እስኪረጋጉ የሚጠፋው መረጃ ቀላል አይደለም።

አሁን የቀረን የመጋዘኑ ሚዛን ነው። ያለው የድሮ ሲሪያል የሚባል የመረጃ መውጫ ብቻ ስለሆነ ወደ ኢተርኔት የሚቀይር መሣሪያ እየፈለግን ነው።