ዶነር ቤት ከመክፈታችሁ በፊት የሥጋውን ካርቶን አንብቡ

ጀርመን ውስጥ ትንሽ ዶነር ቤት አለኝ፤ ዶነር በቆመ ብረት ላይ ተሰክቶ እየተሽከረከረ የሚጠበስ፣ ተቆርጦ በዳቦ የሚበላ ሥጋ ነው። ንግዱን ማስመዝገብ ቀላል ነው፤ ፎርም ሞልቶ ከፍሎ መውጣት ነው። የጤና ቢሮው ትምህርትም ያው ነው፤ ተቀምጦ መስማት። እኔን ያቃጠለኝ ሥጋው ነው።

አቅራቢው በብረት ላይ የተሰካ የበረዶ ሥጋ አመጣልኝ። ዋጋው ደህና ነው። "ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው" አለኝ። ሥራው ሞቅ ብሎ ሳለ የምግብ ተቆጣጣሪዋ መጣች። የፍሪጁን ሙቀት ለካች፣ ወለሉን አየች፣ ዝም አለች። ከዚያ "የሥጋው ካርቶን የታለ?" አለች።

በጀርመን መመሪያ ዶነር የበሬ፣ የጥጃ ወይም የበግ ሥጋ ነው። የተፈጨው ከ60 በመቶ አይበልጥም። ስታርች፣ ማለትም ማወፈሪያ ዱቄት፣ አይገባበትም። የዶሮ ከሆነ የተፈጨ ሥጋ ጭራሽ ክልክል ነው። የእኔ ካርቶን ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ሌላ ነው፤ የተፈጨው ከልኩ ያለፈ፣ ስታርችም ያለበት። ስለዚህ "ድሬሽፒስ" (በጀርመንኛ የሚሽከረከር ብረት ላይ የተሰካ ሥጋ እንደማለት) ብለህ ሽጥ እንጂ ዶነር ማለት አትችልም ተባልኩ። ታፔላው ይቀየር፣ ሜኑው ይቀየር፣ መስታወቱ ላይ ያለውም ይፋቅ። ወጪው በእኔ! አቅራቢው ግን ነፃ ነው፤ ካርቶኑ ላይ እውነቱን ጽፏላ። ስደውልለት "ተጽፏል እኮ" ብሎ ሳቀብኝ። ያ ሳቅ እስካሁን ያበግነኛል። ሰዓታት ሙሉ ስለ ቢዝነስ ፕላን የሰበከኝ የአማካሪ ቢሮም ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። እኔ ብሆን ከፕላኑ በፊት ካርቶኑን አስነብብ ነበር።

አሁን የማዘው ስስ ሆኖ የተቆረጠ፣ የተደራረበ ሥጋ ነው። ውድ ነው። ግን ትንሹን ጥቅል እዘዙ፤ አንዴ እሳት ያየ ሥጋ ተመልሶ በረዶ ቤት አይገባም።

በርሊን ሶስ ይወዳል፤ የነጭ ሽንኩርት፣ የቅጠላ ቅጠል፣ የሚያቃጥል። የዶሮው ደግሞ ከተጠበሰ አትክልት፣ ከአይብና ከሎሚ ጋር ይመጣል። ቱርክ ውስጥ ግን ዳቦ፣ ሥጋ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ይበቃል። ቡርሳ ላይ እስክንድር የሚሉት በሳህን ነው የሚቀርበው፤ ከሥሩ ዳቦ፣ ከላዩ የቲማቲም ሶስና የጋለ ቅቤ፣ ከጎኑ እርጎ። ኤርዙሩም ውስጥ ደግሞ የበጉ ሥጋ የሚሽከረከረው ተጋድሞ ነው። ሶስ የሚበዛው የተፈጨውን ለመሸፈን ነው ባይ ነኝ። የበርሊን ሰው ይቅር ይበለኝ።

ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ከሆናችሁ ረቡዕና ዓርብ ፋላፈል፣ የሽምብራው ጥብስ፣ አይጥፋ። "ሥጋውን ማን አረደው?" ብሎ በጆሯችሁ የሚጠይቅም ይመጣል፤ እውነቱን ንገሩት፣ ከፈለገ ፋላፈሉን ይውሰድ።