የታህሳስ ብርድና የቤታችን እሳት

ታህሳስ ሲገባ የደሴ ብርድ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል። ቀን ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ማታ ግን ሙቀቱን የሚይዝ ደመና የለም። ቀን የሞቀው ሁሉ ሽቅብ ይሄዳል። የቤታችን ሙቀትም በቆርቆሮው በኩል ይከተለዋል። ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቻችን ለጥየቃ ሲመጡ ጋቢያቸውን አያወልቁም። አይፈረድባቸውም። እነሱ ያሉት 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ እኛ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ።

በዚህ ወር ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ከሰልና ስለ ጋዝ ነው። "ሲሊንደሩ ቶሎ አለቀብኝ" የማይል የለም። ብርዱ ድርሻ አለው፤ ጠዋት ሲሊንደሩ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ እሳቱ ይደክማል። አንዳንዱ ሰው ያኔ ሲሊንደሩን ወደ ከሰሉ ያስጠጋዋል። እባካችሁ፣ ይሄ ፈጽሞ አይደረግም። ፀሐይ እስኪወጣ መታገስ ይሻላል።

ከብርዱ ይልቅ ጋዙን የሚጨርሰው የእጃችን ልማድ ይመስለኛል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ነው። ሽንብራና ባቄላ አልበስል እያለ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን እሳቱን እንጨምራለን። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ ግን እሳት ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። ተንኖ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይፈጥንም። እሳቱ በድስቱ ጎን እየወጣ ሲንቦገቦግ ደግሞ የሚሞቀው አየሩ ነው።

እማዬ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። ለንፍሮ የሚሆነውን ማታ ትዘፈዝፋለች። ድስቱ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ ታደርጋለች። "አንቺ ልጅ፣ ክዳኑን ግጠሚው!" የምትለኝ ድምጿ ከጆሮዬ አይጠፋም። ሊበስል ሲል ከእሳቱ ታወርደውና በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለዋለች። በራሱ ሙቀት እዚያው ይጨርሳል። የተረፈውን ፍል ውሃ ፔርሙስ ውስጥ ታስገባለች፤ ለጠዋቱ ሻይ ጋዙን ብዙ አንነካም።

የእሷን የከሰል አያያዝ ደግሞ በጣም እወደዋለሁ። ማንደጃው የሚቀጣጠለው ደጅ ነው፤ ጭሱ እዚያው ያልቃል። በዚያው ፍም መጀመሪያ ሹሮው ይንተከተካል። ቀጥሎ ጀበናው ይጣዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በመጨረሻ የእግር መታጠቢያ ውሃ ይሞቅበታል። ቡናው እስኪጠጣ ሁላችንም ሳሎን ነን፣ በሩም ገርበብ ብሏል። ልጆቹ ጥናታቸውን እዚያው ይሠራሉ። ለየክፍሉ እሳት ከማንደድ ሰውን አንድ ክፍል መሰብሰብ ይቀላል። ቤቱን ሙሉ ማሞቅ ለኛ ዓይነቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ከንቱ ድካም ነው። እግር ታጥቦ፣ ካልሲ ተደርጎ፣ ቡልኮ ውስጥ መግባት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ነው የምፈራው ነገር የሚመጣው። ከሰሉ ነጭ አመድ ሲለብስ "አሁን ጭሱ አልቋል፣ መኝታ ቤት ይግባ" ይባላል። ጭሱ አልቋል፤ መርዙ ግን አላለቀም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የቀላው ፍምም ያወጣዋል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ደግሞ ይህንን እንኳ ሳይሰማው ይቀራል። በየዓመቱ በብርድ ወቅት ቤተሰብ በሙሉ በከሰል ታፍኖ አደረ ሲባል እንሰማለን።

ብርዱ ደግሞ ሁለት ልማዶችን አንድ ላይ ያመጣል። በር ስር ያለውን ክፍተት በጨርቅ እንወትፋለን። መስኮቱን በማዳበሪያ እንሸፍናለን። ይህ ብቻውን ጥሩ ነው፤ ነፋሱን ያስቀራል። ግን ቤቱን ከደፈኑ በኋላ ማንደጃ ማስገባት ሞትን መጋበዝ ነው። እኛ ቤት ጨርቁ በሩ ስር የሚገባው ማንደጃው ከወጣ በኋላ ነው። እማዬ ራሷ አውጥታ፣ ፍሙን አመድ ካላለበሰችው አትተኛም። የተረፈው ከሰል ለነገ ይሆናል።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ተማሪ ተከራይታ ትኖራለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ኮርኒስም የለው። ትናንት ማታ ማንደጃዋን ይዛ ስትገባ አየኋት። እማዬ በሩን አንኳኩታ "ልጄ፣ በይ አውጪው፣ እኛ ጋ መጥተሽ ሙቂ" አለቻት። መጣች። ከቡናው በኋላ የእማዬን ትርፍ ቡልኮ ይዛ ሄደች። ነገ የበሯን ስር አብረን እንወትፋለን፣ ለኮርኒሱ የሚሆን አቡጀዴ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ እፈልጋለሁ።