«ይጹሙ» ማለትን ስንተው

ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረን ሰው «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ይጹሙ» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው፤ ችግሩም እዚያው ነው። ባሕር ዳር ላይ «ጾም» ለአንዱ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አለመቅመስ ነው፣ ለሌላው ሥጋና ቅቤ መተው ብቻ። ጠዋት ሽሮ በልቶ መጥቶ ቀዶ ክፍሉ በር ላይ «ጾመዋል?» ሲባል «አዎ» ያለ ሰው አልዋሸም፤ ያሳሳተው የእኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከመመሪያ ወረቀታችን መጀመሪያ ያወጣሁት ይህን ቃል ነው።

ሁለተኛው ጠንቅ «ሰዓት» ነው። «ለ6 ሰዓት አይብሉ» ሲባል «እስከ 6 ሰዓት» ብሎ የሚሰማ አለ። በዚያ ላይ ካርዱ በፈረንጅ ሰዓት ይሞላል፤ 02:00 ተብሎ የተጻፈው የሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ሳለ ጠዋት 2 ሰዓት ተብሎ ይነበባል። አሁን የምንጽፈው ርዝመቱን ሳይሆን የመጨረሻውን ሰዓት ነው፣ «ከሌሊቱ» ወይም «ከንጋቱ» የሚለው ከፊቱ ሳይጎድል።

ማደንዘዣ ሲሰጥ ጨጓራ ባዶ እንዲሆን ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ የሚቆዩበት ስሌት የታወቀው ነው፦ ጥርት ያለ መጠጥ 2 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4፣ ቀላል ምግብና የላም ወተት 6፣ ቅባት የበዛበት 8። ማደንዘዣው ጠዋት 2 ሰዓት የሚጀመር ከሆነ ቅባት ያለው እራት ከሌሊቱ 6 በፊት ያበቃል፤ ውኃ ግን እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይፈቀዳል። ቀላል ምግብ እስከ ሌሊቱ 8 ቢፈቀድም ለዚያ ብሎ የሚነቃ ስለሌለ ወረቀቱ ላይ አላስገባሁትም። «እራትዎን እስከ ማታ 3 ሰዓት ይጨርሱ፣ ንጋት ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ» የሚለው ይበቃል። ሁለተኛው ሐረግ እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ሲጻፍ ነው የሚፈጸመው።

«ጥርት ያለ» የሚለውም ብቻውን አይሠራም። ጥቁር ቡና በብርጭቆ አሻግሮ አያሳይም፣ ግን ይፈቀዳል፤ ዋናው ነገር ወተት፣ ቅባት፣ ዱቄትና የፍራፍሬ ሥጋ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ በስም ዘረዘርናቸው። ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ ረግቶ የተቀዳ የዘጌ ቡና ይፈቀዳሉ። አጥሚት፣ በሶ ብጥብጥና የማንጎ ጭማቂ ምግብ ናቸው። ተልባን፣ የአቮካዶ ጁስንና ጣና ዳር በዘይት የተጠበሰ ዓሣን ከ8ቱ ሰዓት ጋር መደብናቸው። ጠላና አረቄ በዋዜማው ጨርሶ አይገቡም፣ ጫትም እንደዚያው፤ ጫት ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል፣ ልብ ምትና ደም ግፊትም ያዛባል።

ጠበልን በስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ዛሬ ምን ጠጡ?» ሲባል «ምንም» የሚሉ እናት «ጠበልስ?» ሲባሉ «እሱማ ጠጥቻለሁ» ይላሉ፤ ጠበል በእሳቸው ቤት መጠጥ አይደለም። እኛ ዘንድ እንደ ውኃ ይቆጠራል፤ እምነት ከተበጠበጠበት ግን አይደለም። አትጠጡ ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ «ከንጋቱ 12 በፊት ይጠጡ» ሲባል ሁሉም ይስማማል። ጾመኛ ነኝ ብለው ንጋት ላይ ውኃ የሚገፉትን የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ከአንድ ቀን በፊት እንነግራቸዋለን። በረመዳን ደግሞ ሱሑሩን ከሌሊቱ 10:30 ላይ የጨረሰ ሰው፣ ቅባት ያለው ከበላ፣ ከቀኑ 6:30 በፊት አይገባም፤ ዝርዝሩ ላይ መጨረሻ ይቀመጣል።

ወረቀቱን ለሕመምተኛው ብቻ መስጠት ትልቁ ስህተታችን ነበር። ምግቡን የሚያመጣው አስታማሚ ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ መጥታ ያደረች እህት «ባዶ ሆዱን እንዴት ይገባል» ብላ ንጋት ላይ አጥሚት ብታጠጣ አይፈረድባትም፤ ማንም አልነገራትም። አሁን ሰዓቱን ደግማ እንድትነግረን እናደርጋለን።

የተገላቢጦሹ ጉዳት ብዙ ጊዜ ይረሳል። የጠዋቱ ዝርዝር ሲጓተት 3ኛው ሰው እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ይደርቃል። ሕፃን ከሆነ ስኳሩ ይወርዳል፣ ደም ሥሩ አይገኝም፣ ማደንዘዣ ሲገባ ግፊቱ ይዘቅጣል። ስለዚህ ሕፃናትና የስኳር ሕመምተኞች ይቀድማሉ። መዘግየቱ ከታወቀና ከ2 ሰዓት በላይ ከቀረ፣ የክፍሉ አንስቴቲስት (ማደንዘዣ ሰጪው) ሕመምተኛው ወደተኛበት ዋርድ ደውሎ ለአዋቂ 200 ሚሊ ሊትር፣ ለሕፃን በኪሎ 3 ሚሊ ሊትር ውኃ ያዛል። ደዋዩ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሰው ሲደውል አንዱ «ይጠጣ» ሌላው «አይጠጣ» ይላል።

በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ከቀረበት ራሱን ያመዋል። ከስፓይናል፣ ማለትም በጀርባ መርፌ ከሚሰጠው ማደንዘዣ፣ በኋላ ከሆነ «መርፌው ነው» ይባላል። የመርፌው ሕመም ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ነው፤ ይህ ሳይለይ ክኒን ከመደርደር ንጋት ላይ አንድ ሲኒ ቡና መፍቀድ ይሻላል።

እነዚህ ሰዓቶች በቀጠሮ ለሚገባ ጤነኛ ጨጓራ ናቸው። አንጀቱ ለታሰረ፣ ምጥ ላይ ላለች፣ አደጋ ለደረሰበት፣ ሞርፊን ወይም ፔቲዲን (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ለተሰጠው ሰው ሰዓት መቁጠር አያድንም፤ ጨጓራው ሙሉ ነው ብሎ መነሳት ነው። የበላው ነገር ላጠራጠረ የቀጠሮ ሕመምተኛ አልትራሳውንድ ይረዳል። በቀኝ ጎን አስተኝተው፣ ፊቱ ጎበጥ ያለውን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ፕሮብ (የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ) ከደረት አጥንት ጫፍ በታች ቁመቱን ይያዙት፤ በጉበትና በአኦርታ (በዋናው ደም ቧንቧ) መካከል አንትረሙ፣ ማለትም የጨጓራው የታችኛው ክፍል፣ ይታያል። ጠጣር ምግብ ካለ መለካት አያስፈልግም፣ ሙሉ ነው። ፈሳሽ ብቻ ከሆነ ስፋቱን በካሬ ሴንቲ ሜትር ለክተው በ14.6 ያባዙ፣ 27 ይደምሩ፣ ዕድሜውን በ1.28 አባዝተው ይቀንሱ። የ35 ዓመት፣ 55 ኪሎ ሰው ስፋቱ 5 ቢሆን 55 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል፤ በኪሎ 1 ነው፣ ይገባል። በኪሎ ከ1.5 ካለፈ ቀጠሮው ይገፋል፣ ለአስታማሚዋም አዲሱ ሰዓት ተጽፎ ይሰጣታል።