ንፋሱን አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን

ባሌ ውስጥ በአንድ የአደን ካምፕ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የተቀጠርኩት በአስተርጓሚነት ነበር። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይፈልጉ ነበር፣ እኔም ሥራ እፈልግ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን የአለቃችን ረዳት ሆንኩ። ትልቁን መነፅር እሸከማለሁ፣ ርቀት እለካለሁ፣ ለደንበኛው ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው በዚያ ሥራ ላይ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው።

ከውጭ የሚመጡት አዳኞች ባሌ ድረስ የሚደክሙት ለአንድ እንስሳ ነው፤ ለደጋ አጋዘን። አስር ሳንቲም ላይ ያለውን ቀንዳም እንስሳ ታስታውሱታላችሁ? እሱ ነው። እኛ አጋዘን እንለዋለን እንጂ ፈረንጆቹ አገራቸው ላይ ከሚያድኑት አጋዘን ጋር ዘሩ አይገናኝም። የእነሱ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፣ የእኛ ግን የተጠማዘዘ ቀንዱን ሳይጥል ተወልዶ ባደገበት ጫካ ያረጃል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች፣ በተለይ በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ ነው የሚኖረው። ሳይንስ ስም የሰጠው በ1910 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ የቆላና የደጋ ቀንዳሞች ሁሉ መጨረሻ ላይ የተመዘገበው እሱ ነው ይባላል። አውራው እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ቁጥሩ ስላነሰ አደኑ በኮታ ነው፣ አውራ ብቻ ነው የሚመታው፣ የመንግሥት ስካውት፣ ማለትም የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ አብሮ ይወጣል። ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፣ ክፍያውም አይመለስም።

አደን ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ትልቅ ክርክር ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። የምናገረው ከተፈቀደ በኋላ ቃታ ስለሚሳብባት ደቂቃ ነው።

የዚያ ዓመት ደንበኛችን ጥሩ ሰው ነበር። ዝምተኛ፣ ትሁት፣ ሽማግሌዎቻችንን የሚያከብር። ተኩስም ያውቃል። ጠብመንጃው 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባል፣ ርቆ የሚመታ ዓይነት ነው። ካምፕ በገባ በማግሥቱ፣ እንደ ደንቡ፣ መንገድ ላይ የጠብመንጃው መነፅር ተናግቶ እንዳይሆን ወረቀት ላይ ተኩሶ አረጋገጠ። በ100 ሜትር ሦስት ጥይት አንድ ሳንቲም በሚሸፍነው ቦታ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ማዶ ያለ ድንጋይ ለካሁለት፣ 500 ሜትር። መታው። ደገመ፣ መታው። አገሩ ላይ ከዚያ ርቆ የብረት ዒላማ ላይ እንደሚለማመድ ነገረኝ።

እኔ በዚያ ሰሞን በቁጥሩ ፍቅር ወድቄ ነበር። ጥይት ስንት ሜትር ሲሄድ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ፣ ወደ ቁልቁል ሲተኮስ ለምን ከታለመበት ከፍ ብሎ እንደሚመታ፣ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ለምን ቆላ ካለው ያነሰ እንደሚወርድ፣ ሁሉንም ማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። ማታ ማታ እሳት ዳር ደንበኛው ያስረዳኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቁጥሩን ያወቀ ሥራውን ያወቀ ይመስለኝ ነበር።

ስድስት ቀን ወጣን። ስድስት ቀን ጉም፣ ብርድ፣ ዳገት። ሴቶችና ግልገሎች አየን፣ ወጣት አውራዎች አየን። ሽማግሌ አውራ ግን ብልህ ነው። ቀን አስታ ጫካ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው የሚወጣው።

በሰባተኛው ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣ። ከሸለቆው ማዶ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር። ፊቱን ወደ ግራ አድርጎ ይግጣል። ቀንዱ ጫፉ ድረስ የነጣ፣ አንገቱ የወፈረ፣ የምንፈልገው ዓይነት አውራ። ለካሁት። 540 ሜትር። ተዳፋቱን አስልቼ ለደንበኛው የሚያነጣጥርበትን ቁጥር ሰጠሁት። ቁጥሩ ትክክል ነበር፣ በኋላም ደጋግሜ አስልቼዋለሁ።

አለቃችን በሹክሹክታ «መቅረብ እንችላለን?» ብሎ መንገድ መሪያችንን ጠየቀ። መንገድ መሪያችን እዚያው ጫካ ሥር የተወለዱ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። አባባ ሸለቆውን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ እስከዚያ ይመሻል። ደንበኛው ከሁለት ቀን በኋላ ተመላሽ ነው። «እችለዋለሁ» አለ። አለቃችን ወደ እኔ ዞረና «ንፋሱስ?» አለኝ።

እኛ የተኛንበት ሸንተረር ጀርባ ላይ ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ሸለቆው መሃል ግን የአንድ እረኛ ጎጆ አለ፣ ከጎጆው ጭስ ይወጣል። ያ ጭስ ወደ ላይ አልወጣም። ከጣሪያው ገና ብቅ ሲል ተጋድሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ልክ የተነጠፈ ነጠላ ይመስል። አይቼዋለሁ። በመነፅሩ አጉልቼ ነው ያየሁት።

እና «ደህና ነው» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ስድስት ቀን ደክመናል። ደንበኛው እንዲሳካለት ከልቤ እመኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሁሉም ሰው አዎ ብሎ ጨርሶ አንተ ትንሹ ሰው አይሆንም ስትል ድምፅህ ይከብድሃል። ጭሱ ደግሞ እታች ነው፣ ጥይቱ የሚያልፈው ከላይ ነው፣ ላይኛው ንፋስ ሌላ ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የማላውቀውን ነገር እንደማውቀው አድርጌ ተናገርኩ።

ተኮሰ። ጥይቱ እዚያ ለመድረስ ከግማሽ ሰኮንድ በላይ ይፈጅበታል፣ የመምታቱ ድምፅ ደግሞ ወደ እኛ ለመመለስ ከዚያ በላይ። መጀመሪያ አየሁት። አውራው ጀርባውን ጎበጥ አደረገ፣ የኋላ እግሮቹን ሰብሰብ አድርጎ ጥቂት ተራመደ። ከዚያ ነው ድፍን ያለው ድምፅ የደረሰን፣ ውሃ የሞላ ከረጢት በዱላ ሲመታ እንዳለው ዓይነት። ሳንባው የተመታ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ይፈነጠራል ወይ ይሮጣል። ይሄ ዝም ብሎ፣ ታሞ እንደሚሄድ ሰው እየተራመደ አስታው ውስጥ ገባ።

አባባ «ሆዱን ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ቢላቸውን ከሰገባው ሳያወጡ ቁልቁል መሮጥ ጀመሩ።

ስለ ቢላዋው ልንገራችሁ። በዚያ አገር የሚታደነው እንስሳ ሥጋ ለአካባቢው ሰው ነው የሚሰጠው። ሰዉ ሙስሊም ነው። የተኮሰው እንግዳ ስለሆነ፣ እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው ቢስሚላህ ብለው ካላረዱት ሥጋው አይበላም። ስለዚህ አባባ ሁልጊዜ የሚሮጡት ለዚያ ነው። በ150 ሜትር የወደቀ እንስሳ ጋ ይደርሳሉ። 540 ሜትር ግን በመነፅር ነው 540 የሆነው። በእግር ሲሆን ሸለቆ መውረድ ነው፣ ወንዝ መሻገር ነው፣ ጓሳውን እየጨበጡ ዳገት መውጣት ነው። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን።

ማዶ ስንደርስ ሌላው ስህተታችን ጠበቀን። ሁላችንም ነቅለን ነው የመጣነው። ከተኩሱ ቦታ ሆኖ በእጁ የሚመራን ሰው አላስቀረንም። ከማዶ ስታየው አንድ ብቻ የነበረው የኮሶ ዛፍ፣ እዚያው ስትደርስ አምስት ነው። አውራው የቆመበትን ቦታ ለማግኘት ብቻ ሌላ ሃያ ደቂቃ አጠፋን። ደሙን ያገኙት አባባ ናቸው። ትንሽ ነበር። ጠቆር ያለ፣ አረንጓዴ ፈርስ የተቀላቀለበት። የሳንባ ደም ደማቅ ነው፣ አረፋ አለው። ይሄ ሌላ ነበር።

ጨለመ። ስካውቱ እንከተል አለ፣ ደንበኛውም እንከተል ብሎ ለመነ። አባባ እምቢ አሉ። ሆዱን የተመታ እንስሳ ቶሎ አይሞትም፤ ከተከተሉት እያመመውም ቢሆን ይነሳል፣ ይርቃል፣ ከናካቴው ይጠፋል። ካልነኩት ቅርብ ቦታ ይተኛል። ትክክል ነበሩ። ግን ትክክሉ ነገር ማለት ያ እንስሳ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ብርድ ላይ ቆስሎ ይደር ማለት ነበር። ያን ሌሊት ካምፑ ውስጥ እራት የበላ አላስታውስም። ደንበኛው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጋቢ ለብሶ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጦ አየሁት። እኔም አልተኛሁም። ሩቅ ጅብ ይጮህ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። አመዳዩ ገና አልሟሟም። ከደሙ ቦታ 300 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ምንጭ ዳር አገኘነው። ጅቦች ቀድመውን ነበር። የቀረው ቀንዱ፣ ጭንቅላቱ፣ የአጥንትና የቆዳ ቁራጭ ነው። ሣሩ ላይ ሦስት ቦታ ተኝቶ ተነስቶ እንደነበር አባባ አሳዩን። ሦስት ቦታ።

ሌሎቹ ወደ ምንጩ ሲሄዱ አባባ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ጭሱን አይተኸው ነበር?» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ አባባ።»

«እኔም አይቼዋለሁ። አንተ በመነፅሩ ስታየው፣ ትናገራለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ነገር የሰማሁ አይመስለኝም። እሳቸው መሣሪያ በያዘው ተማምነው ዝም አሉ። እኔ በአለቃዬ ተማምኜ ዝም አልኩ። አለቃችን የእኔን ደህና ነው ተማምኖ ፈቀደ። ደንበኛው ሁላችንን ተማምኖ ቃታ ሳበ።

ሂሳቡን በኋላ ሠራሁት። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጎን ንፋስ፣ በዚያ ከፍታና በዚያ ርቀት፣ ያንን ጥይት 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይገፋዋል። የልብና የሳንባው ቦታ ስፋቱ በግምት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። መሃሉን ብታነጣጥር እንኳ ወዲያና ወዲህ 15 ብቻ ነው ያለህ። ከብት አርዶ የሚያውቅ ሰው ከሳንባው ወደ ኋላ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ምን እንዳለ ያውቃል። ርቀትን መሣሪያ ይለካል፣ የጥይቱን መውረድ ሰንጠረዥ ይነግርሃል። ንፋስን ግን የሚለካልህ የለም። በእጅህ ያለው መለኪያ አንተ የተኛህበትን ቦታ ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ሸለቆው መሃል ያለውን አይደለም። እኩለ ቀን ቢሆን ሙቀቱ መሬት ላይ ሲርገበገብ በመነፅር አይተህ ትገምታለህ። በብርድ ምሽት እሱም የለም። ጭስ፣ ሣር፣ የጉም አካሄድ፣ ያ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎችም በዚሁ ጉዳይ ይከራከራሉ። በ1887 (እንደ ፈረንጆቹ) በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሆነው በቴዎዶር ሩዝቬልት የተመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለው የአዳኞች ክበብ እንኳ እንስሳው ሊያይህም ሊሰማህም በማይችልበት ርቀት መተኮስን ይቃወማል። ብረት አይንቀሳቀስም። ብረት ላይ ብትስት ድጋሚ ትተኩሳለህ። የቆመ እንስሳ ጥይቱ አየር ላይ እያለ አንድ እርምጃ ሊራመድ ይችላል፣ ያኔ የዓለም ምርጥ ተኳሽ ብትሆንም ምንም ልታደርግ አትችልም።

ለአለቃችን በዚያው ቀን ነገርኩት። ይባርረኛል ብዬ ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «እኔም ልጠይቅህ የሚገባኝ ንፋሱስ ብዬ አልነበረም፣ ምን አየህ ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ካምፑ ውስጥ አሠራር ተቀየረ። ከ300 ሜትር በላይ አይተኮስም። ከ11 ሰዓት በኋላ አይተኮስም፣ ምክንያቱም ዱካ ለመከተል ብርሃን ያስፈልጋል። አንድ ሰው ከተኩሱ ቦታ አይነሳም። ቃታ ከመሳቡ በፊትም ሁሉም ሰው፣ ከአባባ ጀምሮ ዕቃ እስከሚሸከመው ልጅ ድረስ፣ ያየውን በየተራ ይናገራል።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ደንበኛ መጣ። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌ አውራ አገኘን፣ 410 ሜትር። ደንበኛው ገና ከመተኛታችን በፊት ጠብመንጃውን ደግኗል። «አይሆንም» አልኩት። ለምን አለኝ። «ንፋሱን አላውቀውም» አልኩት። አገሬ ላይ በዚህ ርቀት ስንቱን ጥያለሁ ብሎ ተቆጣ። አለቃችን ከጎኔ ቆመ። በደረታችን እየተሳብን ለመቅረብ ሞከርን፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። መንገድ ላይ ያላየነው ድኩላ እንደ ውሻ ጮኸብንና አውራው ጫካ ገባ። ደንበኛው ያን ማታ እራት ላይ አላናገረኝም። ከበደኝ፣ አልዋሽም፣ ግን እንቅልፍ ተኛሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ ከነፋስ በታች ሆነን አንድ ሸንተረር ተሻግረን ስንወጣ ሌላ አውራ ከፊታችን ነበር። ለካሁት፣ 160 ሜትር። በየተራ ተናገርን፤ ዕቃ ተሸካሚው ልጅ ሳይቀር «ሣሩ ቆሟል» አለ። አንድ ጥይት። አውራው በቆመበት ተንበረከከ።

አባባ ቢላቸውን መዝዘው ሮጡ። ደረሱ። እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ቢስሚላህ ሲሉ ከነበርኩበት ድረስ ተሰማኝ። ሥጋው በበቅሎ ተጭኖ ከቀትር በፊት መንደር ገባ።