ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የሚጠፋው መብራት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሎጅ ውስጥ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ውሎዬ ከብሬከር፣ ከጄኔሬተር፣ ከውሃ ፓምፕና ከክፍል መብራት ጋር ነው። ከዓሣ ጋር የተዋወቅሁት አምና ነው።

ሥራ አስኪያጇ ለእንግዳ መቀበያው አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) አሠሩ። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲሞላ 240 ሊትር ይይዛል። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ጠጠር አነጠፈ፣ ግንድ አጋደመ፣ ውሃ ውስጥ የሚያድጉ ተክሎች ተከለ። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ቫሊስኔሪያ፣ ክሪፕቶኮሪን። ስማቸውን በወረቀት ጽፎልኝ ሄደ። ጉፒ የሚባሉ 20 ትናንሽ ዓሦችም ገቡ። መብራቱን ግን "የእናንተ ኤሌክትሪሺያን ይጨርሰው" ብሎ ለእኔ ተወው።

መጀመሪያ የሰቀልኩት ከክፍሎች የተረፈ ቢጫ የጌጥ መብራት ነበር። ማታ ላይ በጣም ያምራል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቫሊስኔሪያው ገረጣ። ክሪፕቶኮሪኑ ቅጠሉን ጣለ። (ክሪፕቶኮሪን ቦታ ሲቀየርበት ቅጠል መጣል ልማዱ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።) ሥራ አስኪያጇ ጠሩኝና "ወንድሜ፣ ይሄ ተክል ብርሃን የራበው ይመስለኛል" አሉኝ። እኔም መሰለኝ።

ስልኬን ከፍቼ ሳነብ አንድ ቀላል ስሌት አገኘሁ። ለአንድ ሊትር ውሃ ግማሽ ዋት ይላል። ለ240 ሊትር 120 ዋት መሆኑ ነው። መጋዘን ውስጥ ለመኪና ማቆሚያው የተገዙ ባለ 50 ዋት የኤልኢዲ ፓውዛዎች ነበሩ። ሁለቱን አወጣሁና ሰቀልኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት እንዲበሩም አደረግሁ። አኳሪየሙ እንደ ሱቅ መስኮት ቦግ አለ። ሁሉም ሰው አደነቀ።

ያ ስሌት የድሮ ነው። የወጣው ለፍሎረሰንት ቱቦ ነው። ቱቦው ብርሃኑን ዙሪያውን ይበትናል፤ ብዙው ወደ ላይና ወደ ጎን ይባክናል። ኤልኢዲ ግን ያለውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያወርደዋል። ደግሞም ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። ለክፍል አምፖል ስገዛ ሁልጊዜ የማየው ሉመኑን፣ ማለትም የሚሰጠውን የብርሃን መጠን ነው። እዚህ ላይ ግን ውሃና ተክል ሲሆን የማላውቀው ዓለም መሰለኝ፤ የማውቀውን ትቼ ያነበብኩትን ያዝኩ።

በ10ኛው ቀን ውሃው አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ ትንሽ ደፍረስ ያለ ነበር። ከዚያ፣ በስተጀርባ ያለው ግንድ ጭራሽ የማይታይ ሆነ። ንጋት ላይ ስገባ ጉፒዎቹ ሁሉ ከላይ ተሰብስበው በአፋቸው አየር ይስባሉ። 7ቱ ሞተዋል። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ የሚባል፣ እንደ ተክል በብርሃን የሚያድግ ደቃቅ ነገር ነው። አልጌ ቀን ላይ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ከውሃው ኦክስጅን ይወስዳል። ያን ያህል አልጌ ባለበት ገንዳ ውስጥ ንጋት ላይ የሚተርፍ አየር ጥቂት ነው። የሞቱትን በእጄ ነው ያወጣኋቸው። በጣም አዘንኩ።

ባለሙያው ጋ ደወልኩ። እንዲህ አለኝ፦ "ብርሃን እንደ ምጣድ ነው። ምጣዱ ግሎ ሊጥ ከሌለ ምን ይጋገራል?" ሊጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ማዳበሪያን ነው። ብርሃን ሲበዛ ተክሉ ቶሎ ማደግ ይፈልጋል፤ ያኔ ካርቦንም ማዕድንም ያጥረዋል። እኛ ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር የለንም። የእኛ ተክሎች አብዛኞቹ በተፈጥሯቸው ዝግ ብለው የሚያድጉ፣ ጥላ የሚችሉ ናቸው። አኑቢያስ አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ጥላማ ወንዝ ዳር ነው። ተክሉ ያልተጠቀመበትን ብርሃን የሚጠቀምበት አልጌ ነው።

በነገረኝ መሠረት ገንዳውን ለ4 ቀን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩ። የአየር ፓምፕ ሌሊትና ቀን ሠራ። ከዚያ ግማሹን ውሃ ቀየርን።

መብራቱን በሉመን እንደገና አሰላሁት። ጥላ ለሚችሉ ተክሎች በሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን እንደ መነሻ ይበቃል። ለ240 ሊትር ከ2,400 እስከ 4,800 መሆኑ ነው። የእኔ ሁለት ፓውዛዎች ግን 9,000 ገደማ ያፈሱ ነበር። መፍትሔው እዚያው የመብራት ዕቃ መደብር ነበር፦ ባለ 18 ዋት፣ 120 ሴንቲ ሜትር የኤልኢዲ ቱቦ። እያንዳንዱ ወደ 1,800 ሉመን ይሰጣል። ርዝመቱ ከገንዳው ጋር ልክ ስለሆነ ዳርና ዳሩ ጨለማ አይሆንም። ሁለት ገዛሁ። ቀለማቸው 6,500 ኬልቪን ነው፤ በእኛ አጠራር "ነጩ"። የመጀመሪያው ቢጫ መብራት ጥፋቱ ቢጫነቱ አልነበረም። አቅሙ ነው ያነሰው።

ሉመን ራሱ የተለካው በሰው ዓይን መሆኑንም መርሳት አይገባም። ዓይናችን በጣም የሚነቃው ለአረንጓዴ ብርሃን ነው። በቅጠል ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ደግሞ ይበልጥ የሚስበው ሰማያዊውንና ቀዩን ነው። ስለዚህ ሉመን ለተክል የግምት መለኪያ ነው። ደህና ነጭ ኤልኢዲ ሁሉንም ቀለም ቀላቅሎ ስለሚሰጥ ግምቱ ይሠራል። መደብሩ ውስጥ ሐምራዊ የተክል መብራትም አሳይተውኝ ነበር። ተክል ያሳድጋል። ግን በእሱ ሥር ዓሣውም ቅጠሉም ቀለሙን ያጣ ይመስላል፤ እንግዳ መቀበያ ላይ አልወደውም።

ቱቦዎቹን ውሃ በማያስገባ ማቀፊያ ውስጥ አስገባሁ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ እንዲመለስ አደረግሁ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሲሠራ እንዳይዘለው። ታይመር ገጠምኩና ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ በቀን 7 ሰዓት እንዲበራ አደረግሁ።

ለአንድ ወር ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ። ቫሊስኔሪያው አዲስ ቅጠል አወጣ። ከዚያ አኑቢያሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ አልጌ መጣ። እየነቀልኩ ብጥል በሳምንቱ ይመለሳል። ሉመኑን ደጋግሜ አሰላሁ፤ ልክ ነው። የከሰዓት ፀሐይ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። የእኛ መስኮት ወደ ሐይቁ፣ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ገንዳው ላይ ይወድቃል። መጋረጃ አሰቀልኩ። ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

አንድ ማታ ለጄኔሬተር ተጠርቼ አመሸሁ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ በሪሴፕሽኑ ሳልፍ አኳሪየሙ በርቷል። ዘበኛው በር ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን አበራው?"

"ማንም አላበራውም፣ ልጄ። ሰሞኑን 6 ሰዓት ሲሆን ነው የሚጠፋው። ለእንግዳ ታስቦ መስሎኝ።"

ታይመሩን አየሁት። ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። የገዛሁት ባትሪ የሌለው፣ በመንኮራኩር የሚዞር ታይመር ነው። መብራት ሲሄድ መንኮራኩሩ ይቆማል፤ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት፣ ሌላ ቀን አርባ ደቂቃ እያለ ተጠራቀመ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የጠዋቷ ተረኛ ስትገባ ገንዳው ጨለማ ይሆንባታል። እንግዳ ሳይመጣ ብላ 2 ሰዓት ላይ ስፒናውን ከታይመሩ ነቅላ ቀጥታ ጎኑ ባለው ሶኬት ላይ ትሰካዋለች። የማታው ተረኛ 11 ሰዓት ላይ ሲገባ ወደ ታይመሩ ይመልሰዋል። ያኔ ታይመሩ ሰባት ሰዓቱን ገና መጀመሩ ነው። ሁለቱም ያደረጉት ለሥራው አስበው ነው። ተክሉ ግን በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሲያገኝ ከርሟል። እኔ ደግሞ ስፈትሽ የነበረው ሁልጊዜ ቀን፣ በርቶ ሳለ ነው። ማንንም አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ገዛሁ። መብራት ቢሄድም ሰዓቱን ይይዛል። ለሁለቱም ተረኞች ለምን 7 ሰዓት እንደሆነ አጠገቤ አስቁሜ አስረዳኋቸው። የጠዋቷ ተረኛ "እኔ እኮ የራባቸው መስሎኝ ነው" አለች። አሁን ከእኔ በላይ የምትጠብቀው እሷ ናት። አልጌ የያዛቸውን የአኑቢያስ ቅጠሎች ቆረጥኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አዲሶቹ ንጹሕ ሆነው ወጡ።

ሥራ አስኪያጇ በቅርቡ ቀይ ተክል እንድንጨምር ጠይቀውኝ ነበር። ሮታላ የሚባለውን ፎቶ አሳዩኝ። እንዲያ ደምቆ የሚቀላው በጠንካራ ብርሃን፣ በማዳበሪያና ብዙ ጊዜ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር እንደሆነ ነገርኳቸው። አሰቡበትና ተዉት። ጋሼ ደግሞ በተረኛነት መዝገባቸው ላይ አንድ መስመር ጨምረዋል። በየቀኑ ማታ ሲገቡ "የዓሣው መብራት ጠፍቷል" ብለው ሰዓቱን ይጽፋሉ።