በአትላንቲስ ሆድ ልትጫን የነበረችው አውሮፕላን

ከፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ በ528 መንገድ ወደ ምሥራቅ ከተነዳ በአንድ ሰዓት ገደማ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ይደረሳል። የመጣሁት ኤክስ-37ቢ የምትባለውን የአሜሪካ ጦር ሰው አልባ የጠፈር አውሮፕላን ዱካ ፍለጋ ነው። እሷን ማየት አይፈቀድም፤ ታሪኳን ግን እዚሁ ዞሮ ዞሮ ማግኘት ይቻላል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

መጀመሪያ ወደ አትላንቲስ አዳራሽ ይግቡ። በ2011 ለመጨረሻ ጊዜ በርራ የተመለሰችው መንኮራኩር 43.21 ዲግሪ አዘንብላ፣ የጭነት ክፍሏን በሮች ከፍታ ቆማለች። ያ ሆድ 18.3 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ 4.6 ሜትር ነው። የኤክስ-37ቢ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.5 ሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ መዳፍ! ናሳ በ1999 እሷን የመሥራቱን ሥራ ለቦይንግ ሲሰጥ አውሮፕላኗ እዚህ ሆድ ውስጥ ተጭና እንድትወጣ ታስቦ ነበር። በኋላ ወደ ዴልታ 2 ሮኬት ተዛወረች። ክንፏ ሮኬቱ አናት ላይ ገላጣውን ሲወጣ ግን የነፋሱ ግፊት አስቸጋሪ ሆነ፤ በመጨረሻ በአትላስ 5 ሽፋን ውስጥ ተከተተች።

ሠራዊቱ ድንገት የነጠቃት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መዋጮውን እንይ። ከመጀመሪያው 192 ሚሊዮን ዶላር ናሳ 109፣ ቦይንግ 67፣ አየር ኃይሉ 16 ሚሊዮን ከፍለዋል። ቅርጿም የተሞከረው በአየር ኃይሉ የሙከራ አውሮፕላን በኤክስ-40ኤ ነው፤ ናሳ በ2001 ተውሶ ከቺኑክ ሄሊኮፕተር 7 ጊዜ እየለቀቀ አሳርፏታል። በጃንዋሪ 2004 የአሜሪካ መንግሥት ናሳን ፊቱን ወደ ጨረቃ ሲያዞረው ለእሷ የሚተርፍ ገንዘብ ጠፋ። በሴፕቴምበር ለመከላከያ ምርምር ድርጅቱ ለዳርፓ ተላለፈች፤ በ2006 አየር ኃይሉ በዚያው ንድፍ ላይ የተመሠረተችውን የራሱን ኤክስ-37ቢ አስታወቀ። ለእኔ ትልቁ ጥፋት የሲቪሉ ወገን እጁን ማንሳቱ ነው።

ከአዳራሹ ወጥተው አውቶቡስ ይያዙ። 160 ሜትር ከፍታ ባለው የሮኬት መገጣጠሚያ ሕንፃ አጠገብ ሁሉም ሽቅብ ፎቶ ያነሳል። እርስዎ በስተምዕራብ ዝቅ ብለው ያሉትን ሃንጋሮች ይፈልጉ። መንኮራኩሮቹ ይጠገኑባቸው የነበሩት 1 እና 2 ቁጥሮች በ2014 ለኤክስ-37ቢ ተሰጥተዋል።

እዚያ ውስጥ ያለው ሥራ ከባዱ ነዳጁ ነው። የናሳ የመጀመሪያ ንድፍ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድና ኬሮሲን የሚያነድ ሞተር ነበረው። ፐሮክሳይድ በቆየ ቁጥር እየተበላሸ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለወጣል፤ ለወራት ቆይታ አይመችም። በምትኩ የገባው ሃይድራዚን የተባለው ነዳጅ ይቆያል፣ ግን መርዝ ነው። ስለዚህ ስታርፍ መጀመሪያ የሚጠጓት የራሳቸውን አየር የያዘ ድፍን ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ናቸው፤ የሚያፈስ ጋዝ አለመኖሩ ሳይለካ ሌላ ሰው አይቀርብም። ኤሌክትሪኳን ከፀሐይ ስለምታገኝ፣ ለ270 ቀን የተነደፈችው በ6ኛው በረራ 908 ቀን ቆየች። ጎማ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፦ በዲሴምበር 2010 ከመጀመሪያው በረራ ካሊፎርኒያ ባለው የቫንደንበርግ ጦር ሰፈር ስታርፍ የግራው ፈንድቶ ቁርጥራጩ ሆዷን ጎድቶታል።

የሚያንገበግበኝ ዕውቀቱ መዘጋቱ ነው። የክንፏን ጠርዝ ከቃጠሎ የሚጠብቀው ቱፍሮክ የተባለው ሸክላ የናሳ ኤምስ ማዕከል ፈጠራ ነው። ዛሬ አብዛኛው ጭነቷ አይነገርም፤ ምህዋሯን ፈልገው የሚያገኙት ከደጃቸው ሰማይ የሚከታተሉ አማተሮች ናቸው። ናሳ የሚሳፈረው እንደ እንግዳ ነው፦ በ4ኛው በረራ 100 ያህል የቁስ ናሙና፣ በ6ኛው ዘሮች ልኳል።

ስትወነጨፍ ለማየት ቲተስቪል ከተማ ወንዙ ዳር ይቁሙ፤ ከማስወንጨፊያው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ድምፁ ከብርሃኑ አንድ ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ይደርሳል። ስትመለስ ግን ሰዓቱን የሚነግርዎ የለም። እሑድ ሜይ 7 ቀን 2017 ጠዋት የአካባቢው ሰው መምጣቷን ያወቀው ከድምፅ ፈጥና ስትመጣ በተፈጠረውና ቤቱን ባንቀጠቀጠው ድርብ ፍንዳታ ነው፤ ከ717 ቀን በኋላ 4,572 ሜትር በሚረዝመው የመንኮራኩሮቹ ማኮብኮቢያ ላይ አርፋ ነበር።